በኦቤድ መቃብር ላይ የተቀመጥነው አውጫጭኝ

ሌባ ተብዬ ከሥራ ተባረርኩ። አልሰረቅሁም። ጠፋ የተባለውም ወርቅ አይደለም፤ የሞተ ሰው ኳስ ነው።

ነገሩን አሳምሬ መጀመር አላውቅበትም። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ነው። እንግሊዝኛውን ደግሞ ሙታን ናቸው ያስተማሩኝ። ከሱዳን ስደተኛ ሆኜ ከመጣሁ ወዲህ አንድ ትልቅ መካነ መቃብር ውስጥ ሣር አጭድ ነበር። ማሽኑን እየነዳሁ ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን አነባለሁ። «እናት»። «ውድ ባለቤት»። «እረፍት»። ያልገባኝን ቃል በሳምንቱ ተመልሼ አገኘዋለሁ፤ የትም አይሄድም። ድንጋይ ሲሳሳቱበት አይስቅም። ሰው ይስቃል።

ከላይ እስከ ታች ማንንም ሳልጠይቅ ያነበብኩት የመጀመሪያው ድንጋይ የኦቤድ ክሬንሾ ነው። ኦቤድ ቤዝቦል ተጫዋች ነበር። ኳስ ለመጫወት ደመወዝ ከተከፈላቸው ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው ይላሉ። በእሱ ዘመን ጓንት የለም። በዱላ ተመትታ እንደ ጥይት የምትመጣውን ኳስ በባዶ እጅ ነው የሚቀልቧት። ሐውልቱ ላይ አንድ እጅ ተቀርጿል፤ ጣቶቹ ጠማማ ናቸው። ጠራቢው ቢፈልግ ያቃናቸው ነበር። አላቃናቸውም። ሰውዬውን የወደድኩት በዚህ ነው።

ሊጠይቁት የሚመጡ ሰዎች ከአበባ ይልቅ ኳስ ያስቀምጡለታል። እኔ በልቤ ስለት ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ስለት አይነካም። ሣሩን ላጭድ ስል ኳሶቹን በክብር አነሳና ስጨርስ በቦታቸው እመልሳለሁ። አንዳንዴ ይጠፋሉ። ለአለቃዬ ለስኮት ነግሬው «የሰፈር ልጆች ይሆናሉ» ብሎ አልፎታል።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ በግንቦት፣ የጥንቱን ቤዝቦል በጥንቱ ደንብ የሚጫወቱ ሰዎች መቃብሩን ለመጠየቅ ይመጣሉ። ሰፋፊ ሸሚዝ፣ እስከ ጉልበት የተሳበ ካልሲ፣ ጫፉ የተጠቀለለ ጢም። ከእነሱ ጋር ሚስስ ኤለን የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ ኦቤድ ቅድመ አያታቸው ነው። ባለፈው ዓመት ኦቤድ ራሱ የተጫወተባትን ኳስ ይዘው መጡ። የጠቆረች፣ በእጅ የተሰፋች፣ የቆዳ ኳስ። ፎቶ ለማንሳት ሐውልቱ ሥር አኖሯት። «አሁን እንመለሳለን» ብለው ሁሉም ሽቅብ፣ ወደ ድንኳኑና ወደ ሆትዶጉ ሄዱ። እኔ ከታች፣ ለሐውልቱ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ከማሽኔ ጋር ቀረሁ።

ሲመለሱ ኳሷ የለችም።

ስኮት በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ሌላ ሰው አላየም። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ ቦርሳዬን ገለበጠው። ምሳ ዕቃዬን ከፍቶ ሽሮዬን በእስክሪብቶ ነካ ነካ አደረገው። ኳስ ሽሮ ውስጥ ይደበቃል? መኪናዬን አስከፈተኝ። ምንም አላገኘም። ሁለት እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። «ነገ እንዳትመጣ» ብሎ ጮኸብኝ። አሮጊቷ ድንጋዩን ተደግፈው ያለቅሱ ነበር። እሳቸውን አልተቀየምኳቸውም፤ አንድም ቀን «አንተ ነህ» አላሉኝም።

ያቃጠለኝ የገዛ ወገኔ ነው። አቶ ግርማ የእድራችን ሊቀ መንበር ነው፤ ጋሃና በሚባለው የከተማው ዳርቻ ይኖራል፣ ቢሮ ነው የሚሠራው። ያን ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው። ማታውኑ ኮል አደረገልኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ አሳፈርከን» አለኝ።

«ሳትጠይቀኝ?»

«እነዚህ ሰዎች እኮ ያለ ነገር ሰው አያባርሩም።»

በሳምንቱ ወሬው ክሊቭላንድ አቬኑ ያሉትን የሐበሻ ምግብ ቤቶች በሙሉ አዳርሶ ጨርሷል። ለቅሶ ቤት ስሄድ ከአጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን ይውላል። ይህንም ቻልኩት። ያልቻልኩት የልጄን ነው። ማርታ እዚህ ተወልዳ ያደገች ነርስ ናት። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሬዲዮውን ቀነሰችና፣ «አባዬ፣ ጀስት ቴል ሚ። ወስደኸዋል? አይ ዎንት ቢ ማድ» አለችኝ።

አልቆጣም አለችኝ። እኔን!

ሬዲዮውን መልሼ ከፍ አደረግሁት። ከዚያ ወዲያ ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ገብቼ ካርቶን ስጭን ዓመት ሞላኝ። እጄ ካርቶን ይጭናል፣ ልቤ ግን ከዚያ ሐውልት ሥር አልተነሳም። ልጄ አምናኝ ልትቀብረኝ ነው ወይስ ተጠራጥራኝ? ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም።

ግንቦት ሲደርስ የአባቴ ወሬ ትዝ አለኝ። ጎጃም ነው የተወለድኩት። በአባቴ ዘመን ከብት ሲጠፋ አገሩ በሙሉ ሜዳ ይወጣና አውጫጭኝ ይቀመጣል። ሹሙም፣ ቄሱም፣ ድሃውም። ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። እህል የሚቀምስ የለም። እያንዳንዱ ተነስቶ ይምላል። ያየ ሰው ደግሞ እንዳይጠመድ «አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚለው። አውጫጭኝ አንድ ትልቅ ነገር አለው፦ የተጠረጠረ ብቻውን አይቆምም። ሁሉም ተጠርጣሪ ሆኖ ይቀመጣል።

ለግርማ ደወልኩለት። «ቅዳሜ ለአስተርጓሚነት እፈልግሃለሁ።»

«የት?»

«መቃብር።»

«ማን ሞተ?»

«እኔ ነኝ የሞትኩት። ባለፈው ዓመት። ለቅሶ አልደረስክም።»

ስልኩን ዘጋው። መጣ ግን። ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ማርታ ነዳችልን። የኔ እንግሊዝኛ የድንጋይ እንግሊዝኛ ነው፤ ሰው ፊት አይበቃም። ግርማን የጎተትኩት ግን ለእንግሊዝኛው ብቻ አልነበረም። ሌባ ያለኝ አፍ እዚያው ቦታ ላይ እንዲገኝ ፈልጌ ነው።

ባለጢሞቹ ሁሉ መጥተዋል። ሚስስ ኤለንም በከዘራ መጥተዋል፤ እጃቸው ባዶ ነው። ሐውልቱ ሥር አዳዲስ ነጫጭ ኳሶች ተደርድረዋል። ስኮት እንዳየኝ ፊቱን አኮማተረ።

«እዚህ መሆን አትችልም።»

«መቃብር ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አልኩት በራሴ እንግሊዝኛ። በሩ ላይ የተጻፈውንም ጣቴን ቀስሬ አሳየሁት፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ ለጠያቂ ሁሉ ክፍት ነው ይላል። ማንበብ የጠቀመኝ ያን ጊዜ ነው። ወደ ግርማ ዞርኩ።

«በላቸው፦ ያን ቀን የነበራችሁ ሁሉ ዛሬም አላችሁ። ኳሷን የወሰደ ከመሃላችን ነው። እኔም ልሆን እችላለሁ፣ ስኮትም ሊሆን ይችላል። እስኪወጣ ድረስ ከዚህ የሚነሳ የለም። ምግብም የለም።»

ግርማ ክራቫቱን አስተካከለና ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ሰዎቹ ፈገግ አሉ። አንዱማ አጨበጨበ። እኔ ያልኩት የሚያስጨበጭብ አልነበረም።

«ጋሽ ግርማ! ሂ ዲድንት ሴይ ዛት!» አለች ማርታ።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ስለተቀበላችሁን እናመሰግናለን፣ ጊዜ ካላችሁ ትንሽ አብረን ብንቆይ ደስ ይለናል አለ።»

«እንዲህ በግልጽ አይባልም እኮ ጋሽ ደምሴ» አለ ግርማ ላቡን እየጠረገ። «ፈረንጅ ነው፣ በዘዴ ነው።»

«ቦርሳዬን ሲገለብጡ ዘዴ ነበረበት?»

ማርታ ከሁለታችን መሃል ወጥታ ሐውልቱ አጠገብ ቆመች። በእንግሊዝኛ ተናገረች። ሁሉንም ባልሰማም የሰማሁት በቃኝ። አባቴን እዚህ፣ በፊታችሁ ፈተሻችሁት። ዛሬ ተራው የሁላችንም ነው። ማንም አይሄድም፤ ኖባዲ ሊቭስ።

«ይሄ የግል ቦታ ነው። ፖሊስ እጠራለሁ» አለ ስኮት።

«ጥራ። እሱም ይቀመጣል» አልኩት። ማርታ ተረጎመችው። አንድ ባለጢም ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ አለ።

ነገሩን የቆረጡት ሚስስ ኤለን ናቸው። «ወንበሬን አምጡልኝ» አሉ። «እኔ ዛሬ የምቸኩልበት ቦታ የለኝም። ይህ ሰው ልክ ነው፤ ያን ቀን ሌላ ማንም አልተፈተሸም።» ተቀመጡ። አሮጊቷ ከተቀመጡ ማን ይቆማል? ከሐውልቱ ፈቀቅ ብሎ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ባለጢሞቹ በየተራ ሣሩ ላይ ዘፍ ዘፍ አሉ።

ከዚያ መሐላ። አንድ በአንድ እየተነሱ ያቺ ጠማማ እጅ ላይ እጃቸውን እየጫኑ «አልወሰድኩም» አሉ። ግዙፉ ባለጢም እየሳቀ ሄዶ ድንጋዩን ሲነካ ሳቁ ጠፋ። ስኮት «እኔን ምን አገባኝ?» አለ። ሚስስ ኤለን በከዘራቸው አመለከቱት፤ «ስኮት፣ እጅህን።» ሄደ። ጆሮው ቀልቶ ማለ።

«ግርማ» አልኩት።

«እኔ እኮ ያን ቀን አልነበርኩም!»

«ወሬው ላይ ነበርክ። እጅህን አምጣ።»

ሄደ። እጁን አኖረ። ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ቶሎም አላነሳም። በመጨረሻ እኔ ሄድኩ። ድንጋዩ በፀሐዩ ሞቋል። በአማርኛ ማልኩ። ዞር ስል ማርታ እያየችኝ ነበር። አምና እንዳየችኝ አልነበረም አስተያየቷ። ገና ግን አልጨረስኩም።

ከመሐላው በኋላ መጠበቅ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ይህን ያህል ሰው አንድ ቦታ ላይ ምንም ሳይሠራ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ስልካቸውን አወጡ። ቆይተው መልሰው ከተቱ። አንዱ ሆትዶጉ እየቀዘቀዘ ነው ብሎ አጉረመረመ። ግርማ ኮቱን አውልቆ አጣጥፎ ተቀመጠበት። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። እቅድ የለኝም። ማን እንደወሰደ አላውቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ በሩ ይዘጋል፤ ሰዎቹ ተነስተው አቧራቸውን አራግፈው ይሄዳሉ፤ እኔ ከሌብነቴ ላይ እብደት ጨምሬ፣ ከልጄ ጋር ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። «አምላኬ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መልሰህ አታዋርደኝ» አልኩ በልቤ።

የሐውልቶቹ ጥላ መርዘም ሲጀምር ማርታ ክንዴን ያዘችኝ። አልተናገረችም፤ በአገጯ ጠቆመችኝ።

ቀበሮ ናት። ቀይ፣ ከሲታ፣ ጡቷ የተንጠለጠለ አራስ። በመቃብሮቹ መሃል እንደ ባለቤት እየተራመደች መጣች። ቆም ብላ አየችን። ደርቀን ቀረን። እኛን ከድንጋዮቹ አንዱ አድርጋ ቆጠረችን መሰለኝ፤ ወደ ኦቤድ ሐውልት ተጠጋች፣ ኳሶቹን አሸተተች፣ አማረጠችም! አንዷን ነክሳ አንገቷን ቀና አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።

«ኦ ማይ ጋድ» አለ ስኮት በሹክሹክታ።

እጄን አነሳሁ፤ ማንም እንዳይጮህ። ቀስ ብለን ተነስተን ከሩቅ ተከተልናት። የማርታ ስልክ ይቀርጻል። ሚስስ ኤለንን ግዙፉ ባለጢም ደግፏቸው ይሄዳል። ሙሉ ልብስ፣ የጥንት ካልሲ፣ ከዘራ፣ አራስ ቀበሮ ተከትለን በመቃብር መሃል ስንሄድ ያየን ሰው ምን ይል ነበር! ቁልቁለቱ ላይ የአንድ ቤተሰብ አሮጌ የድንጋይ መቃብር ቤት አለ። ደረጃው ሥር ጉድጓድ። ከጉድጓዱ ፊት ለፊት ደግሞ ኳስ፣ ኳስ፣ ኳስ። የታኘከ፣ የተቀደደ፣ አፈር የለበሰ። ሁለት ግልገሎች አንዷን ኳስ እየተነጣጠቁ ይንከባለላሉ።

ባለጢሞቹ መሳቅ ጀመሩ። ሳቁ ወደ ጭብጨባ ተለወጠ፤ ግልገሎቹ ደንግጠው ገቡ። አንዱ መጥቶ ትከሻዬን መታኝ፣ ሌላው ቆቡን አውልቆ ራሴ ላይ ደፋው።

«ጋሽ ደምሴ» አለ ግርማ ሣር የነካውን ኮቱን ይዞ፣ «ወፍ አይደለችም የመሰከረችው። ቀበሮ ናት።»

ልስቅለት አልፈለግሁም ነበር። አመለጠኝ።

ስኮት ግን ራሱን ነቀነቀ። «የሚስስ ኤለን ኳስ እዚህ የለችም» አለ። እውነቱን ነው፤ ከውጭ አልነበረችም። «ግልገሎች እያሉ ጉድጓዱን መቆፈር አይቻልም። እስኪለቁ መጠበቅ ነው።»

«እጠብቃለሁ» አልኩት። «ዓመት ጠብቄአለሁ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ማርታ ግርማን አውርዳ መኪናውን ከመንገድ ዳር አቆመች። «ኳሷ ካልተገኘችስ?» አልኳት። ሆን ብዬ ነው የጠየቅኋት።

«ባትገኝም» አለች። «አባዬ፣ ያን ጊዜ ጠየቅሁህ። መጠየቅ አልነበረብኝም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ይቅርታ በእንግሊዝኛ ቀላል ነው፤ መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲጋጩ እንኳ ይሉታል። እሷ በአማርኛ ነው ያለችው፤ ቃል በቃል እየፈለገች። የዓመት ሸክሜ ከላዬ ላይ የወረደው እዚያው መኪና ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ምርቃት ነው።

ምርቃቱም መጣ። በሰኔ ቀበሮዋ ልጆቿን ይዛ ለቀቀች። ስኮት ራሱ ደወለ። «ያን ቀን የነበሩት ሁሉ ካልተገኙ አልመጣም» አልኩት። ጠራቸው። ባለጢሞቹ ይህን ጊዜ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፤ አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ ኖሯል። ስኮት በደረቱ ተኝቶ ክንዱን እስከ ትከሻው ከጉድጓዱ ውስጥ ከተተ። ኳስ አወጣ። ነጠላ ጫማ አወጣ። የጓንት ቁራጭ አወጣ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ ቀስ ብሎ ጎተተ።

ጥቁር፣ ትንሽ፣ በአንድ ጎኗ የታኘከች። ስፌቷ ግን አልተፈታም። ሚስስ ኤለን በመሐረባቸው አፈሯን ጠረጉና በመጀመሪያ ለማንም ሳይሆን ለእኔ አስያዙኝ።

ስኮት ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ደምሴ፣ አዝናለሁ። ሥራህ ክፍት ነው።»

«ሥራውን አልፈልግም» አልኩት። «እዚያ ሐውልቱ ጋ ሂድ። አምና በጮህክበት ድምፅ ‹ደምሴ አልሰረቀም› በል።»

ሄደ። አለ። «አልሰማሁም» አልኩት። ደግሞ አለ። መቃብሩን የሚጠይቁ ሌሎች ሰዎች ከሩቅ ዞረው እስኪያዩ ድረስ አለ። ጨካኝ ነህ የሚለኝ ካለ ይበል። ስሜን ሲያጠፉት በሹክሹክታ አልነበረም።

አንባቢዬ፣ ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው፤ የጻፈልኝ የለም። ያ ቅዳሜ ቅን ሰው አላደረገኝም፣ አፌም አልጣፈጠም፣ ማርታን ብትጠይቋት ትነግራችኋለች። አንድ ነገር ግን አውቄአለሁ። ንጹሕነቴን እየማልኩ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ቆሜ ማንም አልሰማኝም። ሁሉም ከእኔ ጋር ሲቀመጥ ግን እውነቱ በገዛ እግሩ ሄዶ መጣ። እናንተ ዘንድ አንድ ሰው «ሌባ» ተብሎ ብቻውን የቆመ ካለ፣ እመኑት አልላችሁም። አጠገቡ ተቀመጡ። እጃችሁንም ከእጁ ጋር አኑሩ። ከዚያ ጠብቁ።

የቀረው የወገን ነገር ነበር። የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ግርማ የዕለቱን አጀንዳ አላነበበም። ተነስቶ ቆመና፣ «ጋሽ ደምሴን ሳልጠይቅ አመንኩበት፤ ሳልጠይቅ አወራሁበት። ሌባው እሱ አልነበረም። ስም የሰረቅሁት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ እያጨበጨቡ ከፊት ተነሱ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ፣ ቀጥሎ ሁሉም። ማርታ ከኋላ ቆማ በጣቶቿ ታፏጫለች፤ የእድር ስብሰባ ላይ ማፏጨት ነውር መሆኑን የነገራት የለም፣ እኔም አልነገርኳት። ጉዳዩ ያን ዕለት ተዘጋ፦ እሑድ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.